ሁለት አገር፣ አንድ ሐይቅና የአሌክሳንድሪያ በረዶ

እናቴ ሥራዬን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ስታስረዳ፣ «ልጄ የአገሮች ደላላ ናት» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ግን እኔም ከዚያ የተሻለ መግለጫ የለኝም። አገሮች በየጥቂት ዓመቱ የአየር ንብረት ዕቅዳቸውን አድሰው ለዓለም ያቀርባሉ። ምን ያህል ጭስ እንደሚቀንሱ፣ ድርቅና ጎርፍ ሲመጣ ሕዝባቸውን በምን እንደሚጠብቁ የሚናገር ሰነድ ነው። የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። የእኔ ድርሻ በአንድ የአፍሪካ አካባቢ ላሉ አገሮች የሚሰጠውን ድጋፍ ማስተባበር ነው። አንዷ አገር የደን ባለሙያ ቸግሯት ጎረቤቷ ዘንድ ጎበዝ ሰው ካለ አገናኛለሁ። እደውላለሁ፣ አስታውሳለሁ፣ እለማመጣለሁ፣ ደግሞ እደውላለሁ። እነሱ ቢሮ የሚገቡት እኛ ከውቅያኖስ ማዶ ተኝተን ሳለ ስለሆነ፣ ልጄ ለትምህርት ቤት ስትነሳ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ኪችን ውስጥ ግማሽ የሥራ ቀን ጨርሼ እጠብቃታለሁ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለት ጎረቤት አገሮችና ስለሚጋሩት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነው። አንደኛዋ አገር በእንግሊዝኛ ትሠራለች፣ ሌላዋ በፈረንሳይኛ። የሐይቁ ውሃ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ዳር ያሉትን መንደሮች እየበላ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ዕቅዳቸው ውስጥ ስለ ሐይቁ አንድ ምዕራፍ ያስፈልጋቸዋል። ችግሩ፣ አንዱ ወገን የሌላው የውሃ ልኬት ከሌለው ምንም መጻፍ አለመቻሉ ነው። ለወራት ደወልኩላቸው። ሁለቱም በጣም ጨዋ ናቸው፤ ሁለቱም «እነሱ ይቅደሙ» ይሉኛል።

በዚያ የብርድ ወራት መሥሪያ ቤታችን የአካባቢውን አገሮች በሙሉ ከእኛ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ በሚገኝ ሆቴል ሰበሰበ። ሁለቱንም በአካል ያየኋቸው ያኔ ነው። የእንግሊዝኛዋን አገር ወክለው የመጡት ከውሃ ሚኒስቴር ነበሩ። ጸጉራቸው የነጣ፣ ክራባታቸው የማይላላ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ትልቅ ሰው ናቸው። የፈረንሳይኛዋን አገር ዕቅድ የምትመራው ደግሞ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ሳቋ ኮሪደሩን የሚሞላ ሴት ናት። በአስተርጓሚዎቹ በኩል እየተነጋገሩ ቀስ በቀስ መቀራረብ ጀምረው ነበር። እኔም በሆዴ «ጌታ ይመስገን» ማለት ጀምሬ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት በረዶ ጀመረ። አስተርጓሚዎቹ መንገዱ ስለተዘጋ መምጣት እንደማይችሉ ኮል አድርገው ነገሩኝ። ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ሌሎች ተሳታፊዎች ፍላይታቸው እንዳያመልጣቸው ማለዳ ወጥተዋል። የእኔ ፈረንሳይኛ «ቦንዡር» ብሎ የሚጀምር፣ «መርሲ» ብሎ የሚያልቅ ነው። ሴትዮዋ ግን ቀኑ እንዳይባክን ፈለገች። ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ወደ ትልቁ ሰው ዞራ፣ ስትለማመደው ያደረች በምትመስል እንግሊዝኛ፣

«ዊ ዲማንድ ዩር ናምበርስ። ዊ ዲማንድ ናው!» አለች። በእንግሊዝኛ ለሚሰማው፣ ቁጥራችሁን አምጡ፣ የምን መለማመጥ፣ አሁኑኑ አምጡ እንደማለት ነው።

ከዚያ ፈገግ ብላ ተቀመጠች።

ትልቁ ሰው ላፕቶፓቸውን ቀስ አድርገው ዘጉ። እሷን አላዩአትም፤ ያዩት እኔን ነው።

«ልጄ፣ አንቺን አከብርሻለሁ፤ ብዙ ደክመሻል» አሉኝ። «አገሬ ግን ከጎረቤት ትእዛዝ አትቀበልም። ይህን ጻፊው።»

«አይ፣ እንደሱ ለማለት አይመስለኝም» አልኩ።

«የሰማሁትን ሰምቻለሁ።»

ተነስተው ወጡ። ሴትዮዋ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የማስረዳበት ቋንቋ ስለሌለኝ እጇን ብቻ ያዝኩት። መንገዱ ሳይብስ ወደ ቤቴ ስነዳ የወራት ልፋቴ ከመኪናው መስኮት እየተጠረገ የሚሄድ መሰለኝ።

ማታውን ፍላይት ሁሉ ካንስል ሆነ። ሆቴሉ ውስጥ ከእንግዶቼ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የምግብ ቤቱ ሠራተኞች መምጣት ስላልቻሉ የሚበሉት ብስኩት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንግዳ ብስኩት እየበላ ይውላል እንዴ? ተነሺ፣ እናምጣቸው።»

«ሁለቱን? በአንድ መኪና?»

«የኋላው ወንበር ሰፊ ነው» አለ። ሆቴሉ ደውዬ እንደምንመጣ አስነገርኳቸው።

ባለቤቴ ነርስ ነው። ያደገው ጅቡቲ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከዓሣ ገበያ ነው ያገኘው። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሥራዬ ሳማርርበት ይህ ችሎታው ለምን ትዝ እንዳላለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በረዶ ጠራጊዎቹ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ከፍተውታል። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ሴትዮዋ ከሆቴሉ ደጅ በረዶውን በሁለት እጇ እያፈሰች ወደ ላይ ትበትናለች። በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ትልቁ ሰው በመስታወቱ በር ውስጥ ክራባታቸውን አስረው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመው ይጠብቃሉ። ባለቤቴ የራሱን ቦት ጫማ አምጥቶላቸው ኖሮ ጎንበስ ብሎ ሊያደርግላቸው ሲል፣ «ኧረ ተው፣ ልጄ!» እያሉ ራሳቸው አደረጉት። ትንሽ ሰፍቷቸዋል።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ በፈረንሳይኛ ሰላም ሲላት ሴትዮዋ ጮኸች። ግድቡ እንደተናደ ውሃ ወሬዋ ወረደ። ስለ በረዶው፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ልጆቿ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አላባራም። ትልቁ ሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነጩን ዛፍ ያያሉ።

እናቴ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው በአማርኛ። እሳቸውም ዝቅ ብለው በአገራቸው ቋንቋ መለሱላት። እሷ ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ እሳቸው የሆነ ነገር መለሱ፤ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ሰላምታው በወጉ አለቀ። ኪችን ስገባ ተከትላኝ መጥታ፣

«ሰውዬው ከፍቷቸዋል» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሲቀመጡ እኮ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት።»

ባለቤቴ ጠዋት ቀምሞት የወጣውን ትልቅ ዓሣ እንደ ጅቡቲዎቹ ለሁለት ሰንጥቆ ኦቭን ውስጥ ጠበሰው። ቤቱ በዓሣው ሽታ ታወደ። ተሰብስበን ተቀመጥን፣ እናቴ ጸለየች፣ መብላት ጀመርን። ትንሽ ቆይታ ሴትዮዋ ሹካዋን አስቀመጠችና ለባለቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር አለችው።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ትናንት በምን እንዳስቀየምኳቸው ጠይቅልኝ እያለች ነው። ምን ብላቸው ነው የተቀየሙት?»

ሲጠይቃት እሷ ራሷ ደገመችለት። «ዊ ዲማንድ ዩር ናምበርስ» አለች፤ አሁን ድምጿ ፈርቷል።

ባለቤቴ አፉ ውስጥ የነበረው ዓሣ ትን አለው። ሳል ነው ሲሉ ሳቅ ሆነ። ጀርባውን መታሁት።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው እናቴ።

ውሃ ጠጥቶ ወደ ትልቁ ሰው ዞረና በእንግሊዝኛ ያስረዳቸው ጀመር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። በፈረንሳይኛ 'ዱማንዴ' ማለት መጠየቅ ማለት ነው። ውሃ የጠማው ልጅ እናቱን ሲለምን የሚለውም ይህንኑ ነው። ከእንግሊዝኛው 'ዲማንድ' ጋር ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ ትርጉሙ አይገናኝም። እሷ ትእዛዝ አልሰጠችም፤ እየለመነችዎት ነበር።»

ትልቁ ሰው ሹካቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሺ። እና 'ናው' ያለችውስ?»

ባለቤቴ ተረጎመላት። እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ በፈረንሳይኛ መለሰች፤ እሱ እያሳቀው፣

«ፍላይቴ ደርሶ ነበር ነው የምትለው!» አለ።

መጀመሪያ የክራባታቸው ቋጠሮ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻቸው። ከዚያ እኒያ ጭምት ሰው ጠረጴዛውን እየመቱ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሴትዮዋ በዚያ ኮሪደር በሚሞላ ሳቋ ተከተለቻቸው። ምን እንደተባለ ያልተተረጎመላት እናቴ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። ልጄ ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ «ማም፣ ኢዝ ኤቭሪባዲ ኦኬይ?» አለችኝ። እየሳቅሁ «ሁላችንም ደህና ነን» አልኳት።

ሳቁ ሲበርድ ትልቁ ሰው ክራባታቸውን አላሉት። እጃቸውን ዘረጉላት፤ ሁለቱንም እጆቿን ሰጠቻቸው። «ቁጥሩን የመስጠት ሥልጣኑ የእኔ ነው» አሉ። «ላፕቶፔ ሻንጣው ውስጥ አለ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ሳህኑን አንስተን ጠረጴዛውን ጠረግን። ባለቤቴ መሃል ተቀመጠ። ቋንቋው የዓሣ ገበያ እንጂ የስብሰባ ስላልሆነ በየመሃሉ ያቆመኛል።

«አዳፕቴሽን የምትሉት ምንድን ነው?»

«ውሃው ሲመጣ ሰዎቹ የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚበሉ አስቀድሞ ማሰብ ነው» አልኩት። እሱም እንደዚያው ነገራት።

የትልቁ ሰው መንደር ከሐይቁ ዳር ነበር። ልጅ ሳሉ ኳስ የተጫወቱበት ሜዳ ዛሬ ጀልባ እንደሚቀዘፍበት ነገሩን። ሴትዮዋ የአያቷን መንደር ስም ጠራች። ሰውዬው ቀና አሉ።

«ከኛ ፊት ለፊት ያለው? ተራራው ሁለት ጫፍ ያለው?»

«እሱ ነው!»

«ልጆች ሆነን ሲመሽ የእናንተን መብራት እናይ ነበር። ከዋክብት ወርደው ሐይቁ ላይ የሚያድሩ ነበር የሚመስለን።»

ባለቤቴ ሲተረጉምላት ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ዓሣ አጥማጆቻችን ናቸው። አያቴም አለበት» አለች። «እኛም የእናንተን እናይ ነበር።»

ከዚያ ልኬቶቹን ጎን ለጎን አደረጓቸው። ውሃው በሁለቱም ዳር በአንድ ወቅት ሲወጣ፣ በአንድ ወቅት ሲወርድ ይታያል። ጀንበሯ ከማዘቅዘቋ በፊት በአንድ ጽሑፍ ተስማሙ፤ በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ዕቅድ ውስጥ የሚገባ አንድ ምዕራፍ። ልኬቱን አብረው ይወስዳሉ፤ ውሃው በአንደኛው ዳር ሲነሳ ለሌላው ዳር በዚያው ቀን ይደወላል። ወራት ሙሉ በስልክ ያልሆነልኝ ነገር ዓሣ በሸተተ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ቃሉ የእነሱ፣ ቁጥሩም የእነሱ ነው። እኔ ሻይ ቀዳሁ፣ ቻርጀር ፈለግሁ። ከዚያ በላይ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ቀን የለም።

እሁድ ፍላይቱ የማታ ስለነበረ እናቴ «ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱማ አይሄዱም» አለች። ጉባኤያችን የሚሰበሰበው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነው፤ በበረዶው ምክንያት የመጣው ሰው ከወትሮው ያነሰ ነበር። ባለቤቴ ለሴትዮዋ በፈረንሳይኛ፣ እኔ ለትልቁ ሰው በእንግሊዝኛ እያንሾካሾክን ተቀመጥን። እንግዶች ሲተዋወቁ እናቴ ማንም ሳይጠራት ተነሳች።

«እነዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው» አለች። «አንድ ሐይቅ አላቸው። ውሃው እየሞላ ሰው አስቸግሯል። ትናንት እኛ ቤት ተስማምተዋል። ጌታ ሥራቸውን እንዲባርክ እንጸልይላቸው።»

አዳራሹ ለሐይቁ ጸለየ። መዘምራኑ ሲነሱ ሴትዮዋ ቃሉን ሳታውቀው እያጨበጨበች ዘለለች፤ ትልቁ ሰው በባለቤቴ ሰፊ ቦት ጫማ መሬቱን እየመቱ ዜማውን ይከተሉ ነበር። ለአየር ንብረት ዕቅድ «ሃሌሉያ» ሲባል የሰማሁት በዚያች እሁድ ብቻ ነው።

ዕቅዶቹ ከወራት በኋላ ወጡ። አለቃዬ ሁለቱ አገሮች አንድ ምዕራፍ እንዴት እንደተጋሩ ጠየቀችኝና የሆነውን ነገርኳት። «ቀጣዩን ስብሰባ እናንተ ቤት እናድርገው?» አለችኝ። እየቀለደች መሆኗን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወደ ሜትሮው የሚወስደኝን አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ በቪዲዮ ጠራ። ሁለቱም አንድ ጀልባ ላይ ናቸው። ነፋሱ ድምፃቸውን ይበትነዋል። እሳቸው በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ እሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እኩል ያወራሉ። ስልኩን ሲያዞሩት ውሃው መሃል የቆመ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ የጋራቸውን የውሃ መለኪያ ምሰሶ አየሁ፤ አናቱ ላይ አንዲት ወፍ ቀድማ ሰፍራበታለች።

«አየሽው?» አሉኝ ትልቁ ሰው። ክራባት አላሰሩም።

«አየሁት! ስልኩን ዝቅ ያድርጉት እስቲ፣ ሰማዩ ሸፈነብኝ!»

አውቶቡሴ መጣ። ሾፌሩ ትገቢያለሽ ወይ በሚል ዓይን አየኝ፤ በእጄ ሂድ አልኩት። አጠገቤ የቆሙትም አንገታቸውን አስግገው ሐይቁን ማየት ጀምረው ነበር።