የመጀመሪያው ገጽ

አሮጌ መጽሐፍ መሸጫው ውስጥ ዘወትር የማያቸው ሽማግሌ የፎቶግራፍ ትምህርት መጻሕፍትን እንደ ሐብሐብ መታ መታ እያደረጉ ይመርጣሉ። ካሜራቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ያነቡና «ይኸኛውም አይልም» ብለው ይመልሱታል።

«አባባ፣ ምን እንዲልልዎት ነው?» አለቻቸው ሻጯ እየሳቀች። «ሱቄን አንብበው ጨረሱት እኮ!»

«የትልቋ ልጄ ሠርግ ላይ ሠላሳ ስድስት ፎቶ አነሳሁ፤ ሠላሳ ስድስት ጨለማ ወጣልኝ። የሌንሱን ክዳን አልከፈትኩም ነበር። እስካሁን ይቅር አላለችኝም። ታናሿ ደግሞ እሑድ ታገባለች።»

ሻጯ ሳቋን ዋጠች። እሳቸው ከሁሉም ቀጭኑን መጽሐፍ ገዙና እርሳስ ከኪሳቸው አውጥተው ከመጀመሪያው መስመር በላይ ጻፉበት፦ «በቅድሚያ ክዳኑን ክፈት፣ አንተ ሽማግሌ።»