ከሻይ ውጭ ያለው ስኳር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ «እትዬ ልክ» ይሏታል፤ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ካየችው ወገቡን ሳትለካ ትናገራለች። እኔ ስንት ጊዜ ለክቼ የምስተውን እሷ በዓይኗ ትጨርሰዋለች፣ ዛሬም ይደንቀኛል። ያ ዓይን ነው እንግዲህ መደብዘዝ የጀመረው። ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ አላት። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ አጣማ ሰፋችና ራሷ ፈታ እንደገና ሰፋችው። ያን ቀን ስታለቅስ አየኋት።

ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ ዓይኗን ያደበዘዘው የስኳር በሽታ እንደሆነ ነገራት፤ መድኃኒት አዘዘና ጣፋጭ እንድትተው አጥብቆ መከራት። አክስቴ ደግሞ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። የስኳር ዕቃውን አጥባ የሸሚዝ ቁልፍ አጠራቀመችበት። መራራ ሻይ ፊቷን ሳታጨማድድ ጠጣች። ለምርመራ ስንመለስ ግን ስኳሩ ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ በመነጽሩ አናት አያት። «እናቴ፣ በድብቅ ይቀምሳሉ እንዴ?»

«እኔ? ስኳር ባፌ ዞሮ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው!»

በውሸት የማትታማ ሴት ናት። ቤት እንደገባች፣ ጣፋጭ ሻይ ከተወች ወዲህ የለመደችውን የብርቱካን ጭማቂ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ቀዳች።

«ቆይ እስቲ፣ አክስቴ» አልኳት።

ፊደሉ ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ሆኖባታል፤ ካርቶኑን አዙሬ እኔ አነበብኩላት። ይዘቱ ሲዘረዘር በብዛት የገባው ቀድሞ ይጻፋል። ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነበር፤ ብርቱካኑ ከኋላ።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም!» አለችና ድስት ውስጥ ገልብጣ ጣደችው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ማንኪያ የማይላቀቅበት ዝልግልግ ነገር ቀረ። ሁለታችንም አፋችንን ያዝን። ከዚያ የማቀዝቀዣውን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ፍራፍሬ የተሳለበት እርጎ፣ የታሸገው ዳቦ፣ ኮምጣጣው ካቻፕ እንኳ ሳይቀር ስኳር አለባቸው! አንዳንዱ ላይማ «ግሉኮስ ሽሮፕ» ተብሎ ስሙን ቀይሮ ተቀምጧል።

«አይ ጉዴ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «በፊት በር አባርሬው በጓሮ እኔው ራሴ ሳስገባው!»

ከዚያ ወዲያ ውሃ፣ ምንም ያልተጨመረበት እርጎ፣ ቤት የበሰለ ምግብ ሆነ። መድኃኒቷንም በሰዓቱ ትውጣለች። መጀመሪያ ላይ «ሁሉ ነገር ገለባ ገለባ አለኝ» እያለች ፍዳዬን አሳየችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ወተት ቀድቼ ሰጠኋት። አንዴ ተጎነጨችና ኩባያውን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ስኳር ጨምረሽበታል!»

«ኧረ እናቴ ትሙት! ወተት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምንድነው እንዲህ የሚጣፍጠው? ደግሞ ሐኪሙ እንዲታዘበኝ ነው?»

ካርቶኑን ነጥቃ አዞረችው። ጥጉ ላይ ያሉትን ደቃቅ ፊደላት በጣቷ እየተከተለች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«‹ይዘት፦ ወተት›» አለች። ገልብጣ ሌላ ነገር ፈለገች። «ሌላ የለም? እሱ ብቻ?»

ለካ ወተት በራሱ ይጣፍጥ ኖሯል። የሰው ምላስ እንዲህ ከሄደበት መመለሱ እየገረመኝ ሳያት፣ ሌላው ነገር ዘግይቶ ገባኝ። ካርቶኑን ያነበብኩት እኔ አልነበርኩም።