ነቀምቴ ላይ የተተከለው «መሳቢያ»

የውሃ ፓምፕ «መሳቢያ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ አፌን ይመረኛል። ምንም አይስብም! ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ወንዙን የሚጫነው የውጭው አየር ነው። ነቀምቴ ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ ሰባት ሜትር ከገፋ ተመስገን ነው። ፓምፕ የሚተከለው እንግዲህ ታች፣ ወንዙ አጠገብ ነው።

በንጉሡ ዘመን የከተማው ፓምፕ ሲመጣ ተካዩ እኔ ነበርኩ። የከተማው ሹም ግን ጫማውን ጭቃ ሲነካው የሚያቅለሸልሸው ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች እንዲያዩት ዳገቱ አናት ላይ፣ ከግቢው ፊት ለፊት ይተከል አለ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ሆኖ ውሃ አያወጣም» አልኩት።

«ስሙ ማን ነው?»

«መሳቢያ።»

«ታዲያ ይሳባ!»

አጃቢዎቹ ሳቁ። እኔ የማስበው ሚስቴን ነበር። እርጉዝ ናት፤ ያን ዳገት እንስራ አዝላ እንዳትወጣ ነርሷ አጥብቃ ከልክላታለች፤ ውሃ የሚቀዱልን ጎረቤቶች ናቸው። ቧንቧው ደጃችን ድረስ ይመጣል ብያት ነበር።

ፓምፑ ተተከለ፤ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ጠብታ አላመጣም። ሹሙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቦ ከፓምፑ አጠገብ ያለውን የውሃ ታንክ በእንስራ አስሞላ!

በምረቃው ቀን ሞተሩ በባዶው እየጮኸ ሹሙ ቧንቧውን ከፈተ። ያ ድፍርስ ውሃ ፈሰሰ፣ ተጨበጨበ። በብርጭቆ ቀድቶ ከቆሙት ሴቶች ለአንዷ ዘረጋላት። ሚስቴ ነበረች። እኔ ከሞተሩ ጋር ስታገል እሷንም ከቤት አስወጥተዋት ኖሯል፤ ቀሚሷ ከጀርባዋ ርሶ ተጣብቋል።

«እስቲ የሞተር ውሃ ቅመሺ» አላት።

«ጎፍታ፣ ቢሻን ከና አኑማቱ ፊዴ» አለችው በኦሮምኛ።

«ምን አለች?» ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይህን ውሃ ያመጣሁት እኔው ነኝ አለች» አልኩት፤ አንድ ቃል ሳልቀንስ።

ከት ብሎ ሳቀ። «አያችሁ፣ ሕዝቡ ሥልጣኔውን የራሴ ብሎታል!»

እንግዶቹ የባሰ አጨበጨቡ። ያ የነጭ ጓንት ጭብጨባ ካሸተትኩት እበት ሁሉ ይበልጥ ገማኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የሰፈሩ ዳኛ ደጄን አንኳኳ። የሹሙ ቤት ቧንቧ ደርቋልና ሴቶቹ ታንኩን ይሙሉ ተብሏል። ጎረቤቶቻችን ለዚያው ወጥተው ነበር፤ እኛ ቤት የሚጠጣ ውሃ እንኳ የለም። ሚስቴ እንስራዋን አነሳች። ከእጇ ነጥቄ እኔው ወረድኩ።

ወንድ እንስራ አዝሎ አይተው አያውቁምና ሴቶቹ ዳገቱን እስክንጨርስ ሳቁብኝ፤ አንዷማ ነጠላሽን አስተካክይ አለችኝ። ታንኩ ጋ ስንደርስ እኔ አልቆምኩም፤ አልፌው ወደ ቤቴ ታጠፍኩ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ከኋላዬ የአንዷን ኮቴ ሰማሁ፤ እሷም ወደ ቤቷ ትታጠፋለች።