ቀሚስና ሸሚዝ የተገናኙበት ቤት

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቀሚስና ሸሚዝ የአንድ ቃል ልጆች መሆናቸውን በማወቃቸው ይኮሩ ነበር። በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌም ገዳም ሳሉ አንድ ፈረንጅ መነኩሴ ነግሯቸዋል። ቃሉ የሮማውያን ነበር፤ ዐረብ ወስዶ ቀሚስ አለው፣ ፈረንሳይ ወስዶ ሸሚዝ አለው፤ አንዱ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላው በባቡር መጥቶ ደብረ ታቦር እኛ ቤት ተገናኙ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ሲያወሩ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይሰለቸኝ ነበር።

ወንድሜ ዲያቆንም ተማሪም ነበር። ለቅዳሴ ነጭ ቀሚስ፣ ለትምህርት ቤት ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳል። ካህናቱ "የፈረንጅ ልብስ" ብለው ሲያጉረመርሙ አባቴ "የእናንተስ ቀሚስ ከየት መጣ?" እያሉ አፍ አፋቸውን ይሏቸው ነበር።

ደርግ ዲያቆን ነው ተማሪ ነው ብሎ አልጠየቀም። ሐሙሲት ገበያ ጤፍ ሊሸጥ እንደወጣ፣ በእርሻ ልብሱ፣ በአፈሳ ወሰዱት። ቀሚሱም ሸሚዙም ቤት ቀሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኤርትራ አብሮት የዘመተ የእብናት ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰና መርዶውን ነገረን። እናቴ "ሬሳውን አይተሃል?" አለችው። "አላየሁም እናቴ፤ ግን እሱ ከነበረበት ምሽግ የተረፈ የለም" አላት።

በእኛ አገር ሬሳ በሌለበት ልቅሶ የሟቹ ልብስ ይወጣል። አስለቃሿ ይዛው ታንጎራጉራለች፣ ዘመድ ያለቅስበታል። ልብስ ከወጣ ሰውየው ሞቷል፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ መንገድ ማየት የለም። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ቆሟል፣ እናቴ የልብሱ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። ተናደድኩባት። ወንድሜን ማልቀስ ፈልጌ ነበር።

አባቴ ገብተው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልብሱን ስጪኝ፤ ልጃችንን እናልቅሰው" አሏት።

"አንቱ፣ ያ ቃል ከሮም ተነሥቶ፣ በዐረቡም በፈረንጁም አገር ዞሮ ቤታችን ገባ ሲሉ አልነበረም? ታዲያ ልጄ ከኤርትራ መምጣት እንዴት ያቅተዋል?"

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተችና ቀሚሱን ሰጠቻቸው። "ይኸው፣ ዲያቆኑን አልቅሱት" አለች።

ሸሚዙን ብንፈልገው አጣነው። ልቅሶው ሲሟሟቅ አንዲት ዘመዳችን የእናቴን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ከጥቁር ቀሚሷ ሥር የሰማያዊ ሸሚዝ እጅጌ ታየኝ። የእናቴ ዓይን ደረቅ ነበር።

አባቴም አይተውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ የቀሚስና የሸሚዝን ነገር ለእንግዳ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።