ፈረንጁን ያዘዝኩ ዕለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ «ይቅርታ ጠይቂ» ተባልኩ... እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ጽፌው ካልወጣልኝ ሌላ መድኃኒት የለውም።

እኔ የውሃ ቴክኒሻን ነኝ። ያደግኩት መቲ ነው፣ አሁን ግን እዚህ ጋምቤላ፣ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ያን የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ከታች ቧንቧ የሚይዘው ኦኬሎ ነው፤ የአኙዋ ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ። አለቃችን ደግሞ ኢንጂነሩ ነው። ለወትሮው አንቱ ነው የምለው፤ ዛሬ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ያን እንግሊዝኛ ይችላል። ሞተሩ ሲጮህና ሲቸኩል ግን ከአፉ የሚወጣው የአገሩ ቋንቋ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ግማሹ አኙዋ፣ ግማሹ ኑዌር፣ እኔ አማርኛ... መሃል ላይ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም እንደ ተማሪ ተቀምጠን በሆላንድኛ ማዘዝ ተማርን። «ትሬክ» ሳብ ነው። «ዋኽት» ቆይ ነው። «ላት ዛከን» አውርድ፣ «ላት ሎስ» ደግሞ ልቀቅ።

መጀመሪያ ላይ ከበደኝ። ኦኬሎ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እሱ ላይ «ትሬክ!» ብሎ መጮህ ከአፌ አልወጣ አለኝ። «እባክህ የሚለውንም አስተምረኝ» አልኩት ያንን።

«እባክህ ብለሽ እስክትጨርሺ ብረቱ ወድቋል» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ኮስተር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፣ ለሁሉም የተረጎምኩት እኔው ነኝ። «አደጋ ያየ ሰው ያዝዛል። የግቢው ጥበቃም ቢሆን፣ እኔን ራሴንም ቢሆን ይዘዘኝ።» ኢንጂነሩ እዚያው ቆሞ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይል ነበር።

ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ያን፣ የማሽኑን ማንሻ ይዞ፣ ቧንቧ እያወረደ ነው። ማንሻው ተይዞ እስካለ ብረቱ ይወርዳል፣ ከተለቀቀ ቀጥ ይላል። ኦኬሎ ከታች መያዣውን ሊያስተካክል እጁን አስገባ። ያን ከቆመበት የኦኬሎ እጅ አይታየውም። ኢንጂነሩ አጠገቤ ቆሞ ስልክ ያወራል። እኔ አየሁት... ብረቱ በቀጥታ ወደ ጣቶቹ እየወረደ ነው።

«ያን! ላት ሎስ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ያን ማንሻውን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው። ኦኬሎ እጁን መንጭቆ አወጣ... ጓንቱ እዚያው ተቆንጥጦ ቀረ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አላመነም መሰለኝ፣ እንደገና ቆጠራቸው።

ኢንጂነሩ ስልኩን ዘጋና መጣ። ወደ ኦኬሎ ይሄዳል ስል ወደ እኔ።

«አንቺ ማነሽና ነው ፈረንጁን የምታዢው?» አለኝ። ኦኬሎን «እንዴት ነህ» እንኳን አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበን። በባለሙያ ላይ መጮህ ነውር ነው አለ። በእንግዳ ላይ ሲሆን ደግሞ አገር ያሰድባል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ስለጮኸችብህ ይቅርታ ትጠይቅሃለች ብለሽ ተርጉሚለት» አለኝ።

ልብ በሉ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ያልጠየቅኩትን የገዛ ራሴን ይቅርታ፣ እኔው ልተረጉም።

ተረጎምኩለት እንጂ። «ስለጮህኩብህ ይቅርታ እንድጠይቅህ ይፈልጋል፤ እኔ ግን አልጠይቅም» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ያን አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና ጠብ እንዳይነሳ ብሎ ነው መሰል እጁን እያወዛወዘ «ኖ ፕሮብለም፣ ኖ ፕሮብለም» አለ። ኢንጂነሩ እንግሊዝኛው እምብዛም ነው፣ ይህቺን ታህል ግን አያጣም። «ይኸው፣ ይቅር ብሏታል!» ብሎ አስጨበጨበ። ያንም ጭብጨባው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። በሁለቱም ተናደድኩ፣ የትኛው እንደባሰ እስካሁን አልለየሁትም።

ኢንጂነሩ በዚህም አላበቃም። «ከነገ ጀምሮ ትእዛዝ የሚተላለፈው በእኔ በኩል ብቻ ነው። አደጋ ያየ ሰው መጀመሪያ ለእኔ ያሳውቃል።»

ይሄኔ ኦኬሎ ተነሳ። የተቀደደውን ጓንት ከኪሱ አውጥቶ ኢንጂነሩ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ኢንጂነር፣ ነገ እኔ ቧንቧ አልይዝም» አለ።

«ለምን?»

«አንተ ስልክ ታወራለህ። እሷ ታያለች። እሷ ካልጮኸች እኔ እጅ አላስገባም። እጅ ሁለት ነው ያለኝ፣ ልጅ አራት ነው።»

ሌሎቹ ሠራተኞችም ጓንታቸውን እያመጡ ከኦኬሎ ጓንት አጠገብ አስቀመጡ። ኢንጂነሩ ክምሩን አየና ስብሰባው አልቋል አለ።

ዛሬ ጠዋት ያን ሞተሩን አስነሳ፣ ቧንቧ የሚይዝ ግን ሰው የለም። ሁሉም ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነን ቆየን። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ወደ እኔ መጣና መሬት መሬት እያየ «በይ እሺ... እንደ ወትሮሽ ጩኺ» አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ኦኬሎ ሲያየኝ ተነስቶ አዲስ ጓንት አጠለቀ። ሥራ ጀመርን፣ ቀኑን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ብረቱ የኦኬሎን ጣቶች ቆርጧቸው ቢሆን ኖሮ እኮ፣ ይሄው ሰውዬ «ቆመሽ እያየሽ ለምን አልጮህሽም?» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር።