ኮሶዬ ላይ የተከተልነው ዱካ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግታ አዲሱን ጨዋታዋን አሳየችኝ። ልዩ ልዩ ፍጡር ከየጫካው እያደኑ የሚሰበስቡበት ነው። ቀለሙም ድምፁም ያምራል። እኔ ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁና «ዱካቸውስ የታለ?» አልኳት። «የምን ዱካ?» ብላ የጃጀሁ መስሏት አየችኝ። ገና አርባ እንኳ በቅጡ ያልሞላኝን ሴትዮ!

በኛ ጊዜ ጨዋታው ዱካ ነበረው። አጎቴ ከመተማ ንግድ ሲመለስ ለወንድሜ ለሰዒድና ለኔ ያመጣልን በእጅ የሚያዝ ጌም ነበር፤ ያገለገለ፣ ጥጉ የተላጠ፣ ጽሑፉም ከዳር እስከ ዳር ጃፓንኛ። አንዲት ፊደል አናውቅም። ግን የያዝነው ፍጡር ሁሉ የራሱ ገጽ ነበረው፤ በገጹ ጥግ ደግሞ የእግሩ ምልክት። ሦስት ጣት፣ ክብ መዳፍ፣ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ኮቴ። ስማቸውን ማንበብ ስላልቻልን በዱካቸው ስም አወጣንላቸው፤ ‹ሹካው›፣ ‹ሰፌዱ›፣ ‹ባለጥፍሩ› እያልን። አንዳችን ሥዕሉን በአውራ ጣት እንሸፍናለን፣ ሌላው በዱካው ብቻ ይገምታል። ክረምቱን በዚህ ስንነታረክ ከረምን። ባትሪ ያለቀብን ቀን ደግሞ ግቢያችን ጭቃ ላይ የድመትና የዶሮ ዱካ እንፈትሽ ነበር። ማን እንደኛ!

በዚያው ክረምት ነው አባቴ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ደጋ፣ ኮሶዬ፣ ወዳጁ አያ ሞላ ዘንድ ይዞን የሄደው። አያ ሞላ ገበሬ ነው፤ ገብሱንና ድንቹን ለአባቴ ይሸጥለት ነበር። ሚስቱ ጎንደር ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የከረመው እኛ ቤት ነው። እኛ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ስለዚህ እናቴ ለብቻው ድስት ገዝታ፣ ሥጋውን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት እያስመጣች ታበላው ነበር። ሚስቱ ድና ከገባች ወዲህ «ቤቴ መጥታችሁ ካልበላችሁ ሞቼ እገኛለሁ» እያለ አባቴን መድረሻ አሳጣው።

ከመኪና ስንወርድ አገሩ ሁሉ ጭጋግ ነው። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። እናቴ ድስቷንና ቢላዋዋን ከጎንደር ይዛለች። አያ ሞላ ደግሞ ቀይ ሙክት በግ ደጁ ላይ አስሮ ይጠብቀናል፤ አባቴ በገዛ እጁ እንዲያርደው። እሱም ሚስቱም ከሥጋው እንደማይቀምሱ እያወቀ፣ ለፋሲካ እንኳ ሳያርደው ለኛ ያቆየው በግ ነው።

ትልልቆቹ ቤት ገብተው ሲጨዋወቱ ሰዒድ በጉን ትኩር ብሎ አየና «ሹካው እኮ ነው! እንፈትሽ?» አለኝ። እንዲመቸን ገመዱን ፈታን። እኔ አንገቱን ያዝኩ፣ እሱ የፊት እግሩን አንስቶ እርጥቡ አፈር ላይ ተጫነው። እንዴት ያለ የሚያምር ዱካ ወጣ! ልናደንቅ ጎንበስ ስንል በጉ ከመሃላችን ሹልክ ብሎ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

አያ ሞላ ባዶውን ገመድ ሲያይ ራሱን ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አባቴ «ድንችህ ይበቃናል፣ አያ ሞላ» ቢለውም አልሰማም።

«ምነው አያ ይማም! ድንች አብልቼ ልስደድህ? የመመለሻችሁ ማኪና ሳትመጣ በጉ ካልተገኘ በምን ዓይኔ አይሃለሁ?»



ሰዒድ እጄን ጎተተኝ። ዱካውን እናውቀዋለንና! በገብሱ ማሳ ዳር አልፎ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ይዟል። አንድ ቦታ የጭላዳ ዝንጀሮ መዳፍ አቋርጦት አገኘን፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆመን እንከራከርበት ነበር። ከዳገቱ አናት፣ አጥር ሥር ከቆሙ በጎች መሃል አንድ ቀይ በግ ሣር ይነጫል። አንገቱን በሻርፔ ጠለፍኩት፤ ሰዒድ ከኋላ እየገፋ፣ እየወደቅን እየተነሳን፣ ደረታችንን ነፍተን ይዘነው ገባን።

አያ ሞላ በጉን አየ፤ እኛን አየ። «ሸጋ በግ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን የኔ አይደለም።»

ወዲያው ጎረቤቱ እትዬ ጥሩነሽ ዱላዋን ይዛ ደረሰች። «በጌን ሲጎትቱ በዓይኔ አይቻለሁ!» አያ ሞላ እየተንተባተበ ነገሩን አስረዳት። እኛን ደግሞ ከእግር እስከ ራሳችን በጭቃ ተለውሰን አየችን። ዱላዋ ወረደ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ።

«በሉ እረዱት» አለች። «ያንተው ከበጎቼ ተቀላቅሏል፤ እሱ እኔ ዘንድ ይቅር። እሱን ስናመጣ ማኪናዋ ብታመልጣቸውስ?»

«ዱካው ልክ ነበር ማለት ነው!» ብሎ ሰዒድ ጮኸ። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

በጉ ታረደ፣ እናቴ ጠበሰችው። እኛ በአንድ ገበታ፣ አያ ሞላ፣ ሚስቱና እትዬ ጥሩነሽ በሌላ ገበታ ቅቅል ድንች በአዋዜ ይዘው፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካን በላን። አያ ሞላ ድንቹን እየጎረሰ «ጨምሩ እንጂ! አጥንቱን ጋጡት!» ይላል። ካልቀመሰው ሥጋ ከሁላችንም በላይ የጠገበው እሱ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ አባቴም አያ ሞላም አልፈዋል። ሰዒድ ግን ስንገናኝ «እኔ ዱካውን አልሳትኩም፣ የተሳሳተ በግ የጠለፍሽው አንቺ ነሽ» ማለቱን አልተወም። እውነቱን ነው። ዱካ የበግ መሆኑን ይናገራል እንጂ የማን በግ እንደሆነ አይናገርም። እትዬ ጥሩነሽ ግን «የኔ ነው» ልትል ዱላ ይዛ መጥታ፣ እንግዳ መኖሩን ስትሰማ ነገሩን እዚያው ጣለችው። እኔ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ «የኔ ነው» ልል አፌን ስከፍት እሷ ትታወሰኛለች። እስካሁን አልደረስኩባትም።