አሥራ ሁለተኛ ሆኜ ሊማሊሞን የወረድኩበት ቀን

አንደኛ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኮራስ ምን አለበት፣ አንደኛ ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሮች ማኅበር ነበረን፤ ሰባት ሾፌሮች፣ ሰባት ያረጁ ኤንትሬ መኪናዎች። በእኛ ዘንድ የሾፌር ቀደምትነት የሚቆጠረው አጠገቡ ማንም ሳይቀመጥ ሊማሊሞን ብቻውን ከወረደበት ቀን ጀምሮ ነው። ሊማሊሞ ከደባርቅ ዳር ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የገደል መንገድ ነው። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የማን ዘመድ ነህ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሰባታችን ሌላ ከእኔ በላይ የነበሩት ሁለቱ ተሳቢ መንዳት ተምረው ወደ አሰብ መስመር ስለሄዱ ቀጣዩ ተላኪ እኔ ነበርኩ። ተሳቢ ማለት ለእኛ ረጅም መንገድ፣ የተሻለ ደሞዝ፣ አዲስ መኪና ነው። ሚስቴ ሻንጣ ሳይቀር ተውሳ አስቀምጣለች።

ያኔ ነው ከዳባቶቹ ጋር ተዋሃዱ የተባልነው።

ዳባት ቅርባችን ነው፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ከዳባት ጎንደር እህል ሲያመላልሱ የኖሩ አሥራ አንድ ሾፌሮች ናቸው። ማኅበራቸው ግን ከእኛ በሁለት ዓመት ይቀድማል፤ የእኛ ማመልከቻ ያን ያህል ጊዜ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበርና። አዲሱ ኮሚቴ የሁላችንንም ቅደም ተከተል በአባልነት ቀን አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ዳባት። እኔ አሥራ ሁለተኛ። ለተሳቢ ትምህርት የሚላከው በዓመት አንድ ሰው ነው፤ ቆጠርኩት። ተራዬ ሲደርስ የሚያስፈልገኝ ተሳቢ ሳይሆን ከዘራ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ውህደቱ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገ፤ አጨበጨብን። ከዚያ መልስ እንደማይጠብቅ ሰው ወረቀቱን እያጣጠፈ «ዝርዝሩን የሚቃወም?» አለ። እጄን አወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ የወጣው እጅ የእኔ ብቻ ነበር፤ የደባርቅ ጓደኞቼ ጫማቸውን ያያሉ።

«ጓድ፣ ቅሬታህ ምንድን ነው?»

«ሊማሊሞን አንድ ቀን ወርዶ የማያውቅ ሰው ከእኔ በፊት ተጽፏል።»

«የግል ጥቅምን ከማኅበር ጥቅም ማስቀደም የአድኃሪ ጠባይ ነው።»

«እንግዲያው በዝርዝሩ መሠረት እንውረድ። አንደኛው ፊት ይምራ፣ እኔም አሥራ ሁለተኛ ሆኜ እከተላለሁ። ዝርዝሩን ግን አልፈርምም።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። የመጀመሪያው የጋራ ጭነታችን እንዳልኩት በዝርዝሩ ተራ እንዲወርድ አዘዘ።

አንደኛው ሽበታም፣ ረጋ ያሉ የዳባት ሰው ነበሩ። ከጎናቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ሪፖርት ሊጽፍ ተቀመጠ። ሊማሊሞ ላይ ፊተኛው የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ሳይጨርስ ሌላው አይገባም፤ ስለዚህ አሥራ ሰባታችን ደባርቅ ዳር ሞተር አጥፍተን ቆምን። ሌላም ሕግ አለ፤ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ መኪና ወራጁ ነው ወደ ኋላ ሄዶ የሚያሳልፈው። ገደል አፍ ላይ ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ በጎንደር መንገድ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ብዙም አልቆየ። ከታች የሞተር ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሽማግሌው በእግራቸው ዳገቱን ሲወጡ አየን። በየመኪናው መስኮት ሥር እየቆሙ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፣ የተጠየቀውም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወጪ መኪና ገጠመኝ። ወደ ኋላ ማለቱ አልሆነልኝም። ናና አውጣልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔኮ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ቁጥር ሁለትን ቢጠይቁትስ?»

«ጠይቄዋለሁ። አሥሩንም ጠይቄ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት።»

አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም፤ የሆነውን ብቻ ነገሩኝ። አፈርኩና ከመኪናዬ ወረድኩ።

ወጪው መኪና ጎማው ሥር ድንጋይ ተደግፎለት፣ ሞተሩ እየጨሰ ቆሟል። ጸሐፊው ከጋቢናው ወርዶ ከገደሉ ርቆ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፏል። በሩን ከፍቼ፣ ግማሽ አካሌን አውጥቼ፣ የኋላ ጎማውን እያየሁ መኪናውን ሰፋ ወዳለው ቦታ መለስኩት። ወጪው ጡሩምባ ነፍቶልኝ አለፈ። ሽማግሌው «ከዚህ በኋላ አንተ ምራ» አሉኝ፤ እሳቸው የእኔን መኪና ይዘው በአሥራ ሁለተኛው ቦታ ተከተሉ። አዲ አርቃይ ሁላችንም በሰላም ገባን።

እዚያ ጸሐፊው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና «ቁጥር አንድ ሾፌር ጉዞውን በድል መርተዋል» ብሎ ጻፈ። ለሽማግሌው እንዲፈርሙ ሰጣቸው።

«ማነው የመራው?» አልኩት።

«የሚጻፈው ዝርዝሩ ላይ ያለው ነው። ውህደቱን አታበላሽ።»

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«እኔ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። እንደዚያ ብለህ ጻፍና እፈርማለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለእርስዎም ጥሩ አይሆን...»

«በዚህ ሽበቴ የሰው ሥራ አልሰርቅም አልኩህ!»

በሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። ዲሲፕሊን ጥሳችኋል ተብለን ሁለታችንም መጨረሻ ወርደናል፤ እሳቸው አሥራ ሰባተኛ፣ እኔ አሥራ ስምንተኛ። ግድግዳው ፊት ቆሜ ስሳደብ ሽማግሌው መጡ፣ አነበቡና ወደ ቢሮው ገቡ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ እየተናደድኩ ተከተልኳቸው።

«ዝርዝሩ ስሕተት አለበት» አሉት ሊቀመንበሩን። «ይህ ልጅ ከእኔ በላይ ይጻፍ።»

ሊቀመንበሩ ያሾፉበት መስሎት ትክ ብሎ አያቸው። አላሾፉም። ለእሱ ያው መጨረሻ መጨረሻ ስለሆነ በእስክሪብቶ ሰርዞ አቀያየረን።

ተሳቢ ሳልነዳ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው። ቁጥርህ ስንት ነበር ለሚለኝ ግን ጮክ ብዬ አሥራ ሰባት እላለሁ። አሥራ ሁለትን የሰጠኝ ኮሚቴ ነው፤ አሥራ ሰባትን የሰጠኝ ሾፌር ነው።